ፈጣኑ ፕሮሰሰር ምን እየጠበቀ ነው?

ኮምፒውተር ሲመረጥ የብዙ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጊጋኸርዝ ላይ ነው። 4 ጊጋኸርዝ ማለት የፕሮሰሰሩ ሰዓት በአንድ ሰከንድ 4 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ሳይክል ይባላል። የዛሬ ፕሮሰሰር አንዱ ኮር (ራሱን ችሎ ትዕዛዝ የሚሠራ ክፍሉ) ብቻውን በአንዲት ሳይክል አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትዕዛዝ መጨረስ ይችላል። ይህ ፍጥነት ግን የሚታየው የሚደመረው ቁጥር እጁ ላይ ሲኖር ነው። ቁጥሩ የኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ በሆነው ራም ውስጥ ከሆነ ተፈልጎ መምጣት አለበት። እስኪመጣ ድረስ ያ ሁሉ ጉልበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ምን ያህል ጊዜ? ከራም አንድ መረጃ ጠይቆ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ናኖሰከንድ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ለእኛ ምንም ማለት አይደለም። ለፕሮሰሰሩ ግን ብዙ ነው። በ4 ጊጋኸርዝ አንዲት ሳይክል የምትፈጀው 0.25 ናኖሰከንድ ነው። መዘግየቱን 75 ናኖሰከንድ ብንለው ጥበቃው 300 ሳይክል ይሆናል። በዚያ ጊዜ ከሺህ በላይ ትዕዛዝ ይሠራ ነበር።

እኔ እንደማየው የዘመናዊ ፕሮሰሰር ዲዛይን ታሪክ በአብዛኛው ይህን ጥበቃ የመቀነስ ታሪክ ነው። የፕሮሰሰር ቺፕ ከላይ የተነሳ ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ በትክክል የሚደምረውና የሚያባዛው ክፍል ትንሽ ቦታ ነው የያዘው። ከቀረው አብዛኛው መረጃን አቅርቦ ለመያዝ፣ ምን እንደሚፈለግ ለመገመትና ጥበቃውን ለመሸፈን የተሠራ ነው።

ታዲያ ራም ለምን አይፈጥንም? መልሱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የምንገዛው ራም ዲራም ይባላል። አንዲት ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ፣ የምትቀመጠው እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ አንድ ትራንዚስተርና የኤሌክትሪክ ኃይል በሚይዝ አንድ ካፓሲተር ነው። ይህን አሠራር ያመነጩት የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ናቸው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኙት በ1968 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በጣም ቀላል፣ በጣም ትንሽ፣ በጣም ርካሽ። ለዚህም ነው ቢሊዮኖችን አንድ ቺፕ ላይ መደርደር የሚቻለው። ግን ካፓሲተሩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ኃይል ኢምንት ነው፤ እሱም ይፈስሳል። ስለዚህ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቢት በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለበት።

ማንበቡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መረጃው በረድፍና በዓምድ ተደርድሯል። መጀመሪያ ረድፉ በሙሉ ይከፈታል። ያቺ ኢምንት ኃይል ወደ ረጅም ሽቦ ትወጣለች፤ አጉልቶ የሚያነብ ሰርኪዩት ዜሮ ትሁን አንድ ይለያል። ማንበቡ ካፓሲተሩን ስለሚያራግፈው የተነበበው ተመልሶ ይጻፋል። ከዚያ የተፈለገው ዓምድ ይመረጣል። ሌላ ረድፍ ሲፈለግ የተከፈተው መጀመሪያ መዘጋት አለበት። እነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃሉ። ቁጥሩ በ20 ዓመት ውስጥ እምብዛም አልተነቃነቀም። የሜሞሪ አምራቾች ጉልበታቸውን ያዋሉት ብዙ መረጃ በርካሽ በሚይዝ ቺፕ ላይ ነው። ገበያውም የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ርቀትም አለ። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ የሚጓዘው 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና የኮምፒውተር ሳይንቲስት የነበሩት ግሬስ ሆፐር በዚሁ ልክ ሽቦ እየቆረጡ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር፤ ናኖሰከንድን በእጅ እንዲይዙት። በአንዲት ሳይክል፣ በ0.25 ናኖሰከንድ ማለት ነው፣ ብርሃን ከ7.5 ሴንቲሜትር አያልፍም። በመዳብ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ምልክት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከፕሮሰሰሩ እስከ ራሙ ያለው መንገድ፣ ደርሶ መልሱ፣ በመሀል ያለው ወረፋ ሁሉ ሲደመር ነው ያ 75 ናኖሰከንድ የሚሞላው።

ይህ ችግር ድሮም ይታወቅ ነበር፤ ያከፋው ግን የፕሮሰሰሮቹ ሩጫ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፕሮሰሰሮች በየዓመቱ በግማሽ ያህል ይፈጥኑ ነበር። የራም ምላሽ ግን በዓመት 10 በመቶ እንኳ አይሻሻልም ነበር። ልዩነቱ እያደር ገደል ሆነ። ዊሊያም ዉልፍና ሳሊ ማኪ በ1995 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ አደጋውን «የሜሞሪ ግድግዳ» አሉት። ሒሳባቸው ቀላል ነበር። ሁለቱ በዚህ ልዩነት ከቀጠሉ አንድ ቀን የፕሮግራሙን ፍጥነት የሚወስነው ሜሞሪው ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው መከላከያ ካሽ ነው፤ በቅርብ የሚፈለገውን መረጃ ከኮሩ አጠገብ የሚይዝ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ። ሐሳቡ ከግድግዳው ስም በጣም ይቀድማል። በርክስ፣ ጎልድስታይንና ፎን ኖይማን በ1946 ባወጡት ሰነድ ላይ፣ አንድ ሜሞሪ ትልቅም ፈጣንም ሊሆን ስለማይችል በደረጃ የተደራረቡ ሜሞሪዎች እንደሚያስፈልጉ ጽፈዋል። ሞሪስ ዊልክስ በ1965 ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ ከትልቁ ፊት የማስቀመጥን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡ። በ1968 አይቢኤም ይፋ ያደረገው ሲስተም 360 ሞዴል 85 ካሽ ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው።

ካሽ የሚሠራው ኤስራም ከሚባል ሌላ ዓይነት ሜሞሪ ነው። አንዲት ቢት ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ስድስት ትራንዚስተር ይፈልጋል። ማደስ አያሻውም፤ ሲነበብም አይራገፍም። ፈጣን ነው። ታዲያ ራሙን በሙሉ ኤስራም ለምን አናደርገውም? ብዙዎች «ውድ ስለሆነ» ብለው ያቆማሉ። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ይመስለኛል። ሜሞሪ ሲተልቅ በትልቅነቱ ብቻ ይዘገያል። ሽቦው ይረዝማል፣ የሚመረጥበት አድራሻ ይበዛል፣ ጥጉ ይርቃል። 32 ጊጋባይት ኤስራም ቢሠራ እንኳ ዛሬ ከኮሩ አጠገብ እንዳለው ትንሽ ካሽ አይፈጥንም። ትንሽነት ራሱ የፍጥነቱ አንድ ክፍል ነው።

ስለዚህ ካሽ በደረጃ ይሠራል። ለኮሩ የቀረበው ደረጃ 1 ለመረጃ ብዙውን ጊዜ 32 ወይም 48 ኪሎባይት ነው፤ መልስ የሚሰጠው በ4 ወይም በ5 ሳይክል ነው። ደረጃ 2 አንድ ሁለት ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ 15 ሳይክል ገደማ ይፈጃል። ደረጃ 3 ኮሮቹ የሚጋሩት ሲሆን አሥራዎች ሜጋባይት ይይዛል፤ ከ40 እስከ 70 ሳይክል ይጠይቃል። አንዲትን ሳይክል አንድ ሰከንድ ብናደርጋት ደረጃ 1 አራት ሰከንድ ነው፣ ደረጃ 3 አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ራም አምስት ደቂቃ። መረጃው ፋይሎች የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ ላይ ከሆነና 100 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ ጥበቃው ከአራት ቀን በላይ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ትልቅ ሜሞሪ ብቻውን «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም።

ጥያቄው እንዲህ ነው። 48 ኪሎባይት ከ32 ጊጋባይት አንጻር ምንም ነው። እንዴት ነው ታዲያ የሚጠቅመው? የሚጠቅመው ፕሮግራሞች ጠባይ ስላላቸው ነው። አሁን የተነካ መረጃ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነካል። አንድ አድራሻ ከተነካ ጎረቤቱም ይነካል። ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ይጠቀምባቸዋል። የነካውን ያቆያል። ሲያመጣም የተጠየቀውን ብቻ አያመጣም፤ በብዙ ፕሮሰሰሮች 64 ባይት የሆነ ሙሉ መስመር ያመጣል። 4 ባይት የሆነች ቁጥር ስትጠይቁ 15 ጎረቤቶቿ አብረው ይመጣሉ። ቀጥሎ ጎረቤቷን ከጠየቃችሁ በ4 ሳይክል ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተውን አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ነገሩን ለማቅለል አንድ ካሽና አንድ ራም ብቻ አለ እንበል። ካሹ 4 ሳይክል ይፈጃል፤ ካሹ ውስጥ ካልተገኘ ተጨማሪ 300 ሳይክል አለ። ከ100 ጥያቄ 97ቱ ካሹ ውስጥ ከተገኙ አማካዩ 4 ሲደመር 9፣ ማለትም 13 ሳይክል ነው። 99ኙ ከተገኙ ደግሞ 4 ሲደመር 3፣ 7 ሳይክል። ከ97 ወደ 99 ሲታይ ጥቃቅን ለውጥ ይመስላል። አማካይ ጥበቃውን ግን በግማሽ ሊያወርደው ምንም አልቀረው። መታየት ያለበት የተገኘው 97 ሳይሆን ያልተገኘው 3 ነው። ዲዛይነሮች ስለ አንድ በመቶ ወራት የሚደክሙት ለዚህ ነው።

ካሽ ሲሞላ አንዱ መውጣት አለበት። የትኛው? ላስሎ ቤላዲ በ1966 ከሁሉ የሚሻለውን መልስ አሳይተዋል፤ ለወደፊት በጣም ዘግይቶ የሚፈለገውን አውጡ። ወደፊትን ማየት ስለማይቻል ማንም ፕሮሰሰር ይህን በትክክል አይሠራውም። ግን መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ያለፈውን አይተው ይገምታሉ፤ ረጅም ጊዜ ያልተነካው ይውጣ ይላሉ።

ግምት ካልን ቀድሞ ማምጣትም አለ። ፕሮሰሰሩ አድራሻዎችን ይከታተላል። 1000፣ 1064፣ 1128 ከተጠየቁ 1192ን ሳይጠየቅ ያስመጣል። ግምቱ ሲሰምር ጥበቃው ጨርሶ አይታይም። ሲከሽፍ ግን የማይፈለግ መስመር ገብቶ የሚፈለገውን ያስወጣል፤ የራሙንም መንገድ ያጨናንቃል። ተከታታይ መረጃ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። የተበታተነ መረጃ ላይ እምብዛም አይረዳም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ብልሃት ግን ሌላ ነው። አንድ ትዕዛዝ መረጃ እየጠበቀ ከሆነ ከኋላው ያሉት ለምን ይቆማሉ? ያን መረጃ የማይፈልጉት ቀድመው ይሠሩ! ሮበርት ቶማሱሎ በ1967 ለአይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91 የቀየሱት መንገድ የዚህ መሠረት ነው። ፕሮሰሰሩ መጪ ትዕዛዞችን በመዝገብ ይይዛል፤ የሚያስፈልገው የተሟላለትን ከተራው አስቀድሞ ይሠራል። ውጤቱን የሚያጸድቀው ግን በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ምንም የተዛባ ነገር የለም።

ይህም ገደብ አለው። ኢንቴል በ2021 ያወጣው ጎልደን ኮቭ የተባለ ኮር መዝገቡ 512 ትዕዛዝ ይይዛል። ትልቅ ነው። በሳይክል 6 ትዕዛዝ ከገባበት ግን በ85 ሳይክል ገደማ ይሞላል። የራም ጥበቃ 300 ከሆነ የቀሩት 215 ሳይክሎች ባዶ ናቸው። መዝገቡን አሥር እጥፍ ማሳደግ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በቺፕ ላይ ቦታና ኃይል ይበላል፣ ራሱም ይዘገያል።

ጥቅሙ ታዲያ የት ነው? ጥበቃዎቹን ማደራረብ ላይ ነው። ቀድሞ ካሽ አንድ ነገር ካጣ እስኪመጣለት ድረስ ሌላ ጥያቄ አይቀበልም ነበር። ዴቪድ ክሮፍት በ1981 የማይቆም ካሽ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ፤ ያጣውን እየጠበቀ ሌላውን ያስተናግዳል። ይህ ከመዝገቡ ጋር ሲጣመር ፕሮሰሰሩ አሥር የራም ጥያቄዎችን በተከታታይ ልኮ አሥሩንም አንድ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። አሥር ጊዜ 300 ሳይክል መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ 300 ይጠጋል።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። አሥሩ አድራሻዎች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። ፕሮግራመሮች የሚያውቁት ሊንክድ ሊስት እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚቀጥለው አድራሻ ተጽፎ ያለው አሁን በሚጠበቀው ውስጥ ነው። እሱ ሳይመጣ ሌላው አይጠየቅም። ጎን ለጎን የተቀመጠ ድርድር ግን የሁሉም አድራሻ በመደመር ይታወቃል። ለዚህ ነው መማሪያ መጻሕፍት ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት አቀማመጦች ማሽኑ ላይ በብዙ እጥፍ የሚለያዩት።

ሥራውን ለሌላ ማስረከብም ይቻላል። ኢንቴል በ2002 ሃይፐር ትሬዲንግ ብሎ ያቀረበው ይህን ነው። አንዱ ፕሮግራም ሲጠብቅ ሌላው በዚያው ኮር ላይ ይሠራል። የምስል ፕሮሰሰሩ ጂፒዩ ደግሞ ሐሳቡን እስከ ጥግ ወስዶታል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የትዕዛዝ ሰልፎችን) ይዞ የሚጠብቀውን ትቶ ዝግጁ የሆነውን ያስኬዳል። የእያንዳንዱ መዘግየት አይቀንስም፤ ግን ማንም ሥራ አይፈታም።

የግምት ዋጋም ይነሳ። «ይህ ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ እንዲህ አድርግ» የሚል ትዕዛዝ መጣ እንበል፤ ቁጥሩ ግን ገና ከራም እየመጣ ነው። ፕሮሰሰሩ መልሱን ገምቶ ይቀጥላል። ከተሳሳተ የሠራውን ይጥላል። በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆኑት ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ ክፍተቶች ያሳዩት፣ የተጣለ ሥራም ካሽ ላይ አሻራ እንደሚተው ነው። አጥቂው አንድ አድራሻ ጠይቆ ጊዜውን ይለካል። ቶሎ ከመጣ ካሽ ውስጥ ነበር፣ ከዘገየ አልነበረም ማለት ነው። ከዚህ ልዩነት ምስጢር ማንበብ ተቻለ። ለእኔ ይህ በዚህ ዘርፍ ከታዩት በጣም አሳሳቢ ነገሮች አንዱ ነው። ለፍጥነት ሲባል ለዓመታት የተከማቸ ብልሃት በደህንነት በኩል ሒሳቡ ሳይሠራ ቆይቷል። ማስተካከያዎቹም ከፍጥነቱ ቀንሰዋል።

አሁን ገበያ ላይ በብዛት ወደሚያሳስተው ልምጣ። «አዲሱ ራም እጥፍ ይፈጥናል» ይባላል። በምን? በአንድ ሰከንድ በሚያሳልፈው ብዛት ነው። አንድ መረጃ ለመምጣት የሚፈጅበት ጊዜ ሌላ ነገር ነው። መንገድ ስትሰፋ ብዙ መኪና በአንዴ ያልፋል፤ የሁለቱ ከተሞች ርቀት ግን ያው ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ራም ላይ ሲኤል ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ዓምዱ ከተጠየቀ በኋላ ስንት የራም ምት እንደሚጠበቅ ይናገራል። ከድሮው የራም ትውልድ ዲዲአር 400 ሲኤል 2 የሆነው 10 ናኖሰከንድ ነው። ዲዲአር4 3200 ሲኤል 16 የሆነውም 10 ናኖሰከንድ ነው። ዲዲአር5 6400 ሲኤል 32 የሆነውም እንዲሁ። በብዛት 16 እጥፍ አድጓል፤ በዚህ እርምጃ ጥበቃ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ቪዲዮ ለሚሠራ ወይም ግዙፍ ሰንጠረዥ ለሚያስኬድ ስፋቱ ይጠቅማል። ሥራው እዚህም እዚያም መዝለል ለሆነ ፕሮግራም ግን ያን ያህል ለውጥ አይጠብቁ።

በተቃራኒው ካሽ መጨመር ምን እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ምሳሌ አለ። ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን አወጣ። 64 ሜጋባይት ካሽ ከቺፑ ላይ ደርቦ ደረጃ 3ን 96 ሜጋባይት አደረሰው። ወደ ጎን ቢዘረጋ ሽቦው ይረዝም ነበር፤ ወደ ላይ ሲደረብ ርቀቱ አጭር ሆነ። የዚህ ፕሮሰሰር ጊጋኸርዝ ካሽ ካልተደረበለት ወንድሙ ዝቅ ይላል። ብዙ ጌሞች ላይ ግን ይበልጠዋል። ጊጋኸርዝ ብቻውን ምን ያህል እንደማይናገር ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ሃርድዌሩ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፕሮግራም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ድካሙን ያፈርስበታል። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ 10,000 በ10,000 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ አስቡ። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ነው፤ ጠቅላላው 400 ሜጋባይት፣ ከካሹ በብዙ የሚተርፍ። ሲ ሰንጠረዡን በረድፍ በረድፍ ያስቀምጣል። በረድፍ ከደመራችሁ የመጣው 64 ባይት 16ቱም ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል፤ ቀጣዩም ቀድሞ ይመጣል። በዓምድ ከደመራችሁ በየእርምጃው 40,000 ባይት ትዘላላችሁ። ከመጣው መስመር አንድ ቁጥር ብቻ ትጠቀማላችሁ፤ ወደ ጎረቤቱ ስትመለሱ መስመሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ድምሩ አንድ ነው፣ የመደመሩ ብዛት አንድ ነው፣ ጊዜው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ኮዱ ላይ የተቀየረው የሁለት ሉፖች (ተደጋግመው የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) ቅደም ተከተል ብቻ ነው። እስቲ ሞክሩት፤ አሥር መስመር ኮድ አይሞላም።

ብዙ ኮር ሲጨመር ሌላ ወጥመድ ይመጣል። ሁለት ኮሮች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ይጽፋሉ፤ ቁጥሮቹ ግን አንድ 64 ባይት መስመር ላይ ተጎራብተዋል። አንዱ ሲጽፍ የሌላው ቅጂ ይሰረዛል። መስመሩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይውላል። መፍትሔው ቁጥሮቹን ማራራቅ ነው። ያን ያህል ቀላል ነው፤ ችግሩን ማግኘቱ ግን ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ለማግኘትም መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተራችሁ «ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ተይዟል» ሲላችሁ መረጃ ከራም የሚጠብቅበትንም ጊዜ እንደ ሥራ ቆጥሮ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይህን ጥበቃ አያየውም። ሊኑክስ ላይ ፐርፍ የሚባለው መሣሪያ በሳይክል ስንት ትዕዛዝ እንደተጨረሰና ካሽ ስንት ጊዜ እንዳጣ ያሳያል። በሳይክል አራት መጨረስ የሚችል ኮር ግማሽ እንኳ ካልጨረሰና ካሹ የሚያጣው ከበዛ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ፈጣን ፕሮሰሰር ሳይሆን የተሻለ የመረጃ አቀማመጥ ነው።